ሃያ አንደኛዋ ካርታ

ጥቅምት 4
ከሥራ ስመለስ አባዬ መስኮቱ ሥር፣ ጠዋት ትቼው በሄድኩበት ቦታ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ የማይታዘዘው ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ። ሐኪሙ "ግራ እጁን ያለማምደው" ብሎን ነበር... ማን ይንገረው? ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ቀኝ እጅ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ አሁን እማዬ ናት የምታጎርሰው።
"ዛሬስ እንዴት ዋልክ?"
"ያው።"
ይቺን "ያው" ጠላኋት።

ቁም ሳጥኑ ላይ ልብስ ስፈልግ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። ልጆች ሳለን አባዬ በእጁ ስሎ የሠራልን ካርታዎች! ሌባው፣ ዘበኛው፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙ... የእያንዳንዳችን ጥቅል በላስቲክ እንደታሰረ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

ጥቅምት 6
ካርታዎቹን ፎቶ አነሳሁ። ታብሌት ላይ የካርታ ጥቅል መሥሪያ ፕሮግራም አለ፤ የራስን ሕግ መጨመር ይቻላል። አባዬ በግራ ጣቱ መንካት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እሑድ ታላቅ ወንድሜ ቀጮም ካለበት ከተማ ሆኖ አብሮን ይጫወታል።

ሕጎቹን ጻፍኩ። በአንድ ጥቅል ሃያ ካርታ፣ ከዚያ አይበልጥም። ሌባና ዘበኛ አንድ ጥቅል ውስጥ አይገቡም። ቀላል ነው። ፕሮግራም መጻፍ ሙያዬ አይደል እንዴ?

ጥቅምት 7
ሙያዬ... ሁሉንም ጥቅል "አይፈቀድም" ይላል። ለካ ሕጉን ገልብጬ ጽፌው፣ ሌባና ዘበኛ አንድ ላይ ካልሆኑ አልቀበልም እያለ ነው። አስተካከልኩት።

ጥቅምት 8
የአባዬ ጥቅል፦ ይፈቀዳል።
የቀጮ፦ ይፈቀዳል።
የእኔ፦ አይፈቀድም፤ ከሃያ በላይ ነው።
የእኔ ብቻ! ምን በደልኩት?

ጥቅምት 9
ጨጓራዬን ላጠው። ሕጉን መስመር በመስመር አየሁት። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ያው "አይፈቀድም"። ቢሮ ቁጭ ብዬም እሱኑ... አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ "ደንበኛው ማነው?" አለኝ።
"አባቴ።"
"ኧረ ቀላል ደንበኛ ነው!"
አያውቀውማ። ማታ ታብሌቱን ባሳየው "የልጅ ጨዋታ ነው፣ ተይኝ" ብሎ ፊቱን አዞረ። እሑድም እንዲህ ካለኝስ? ከዚህ በኋላ ምን እንደምሞክር አላውቅም።

ጥቅምት 10
ትዕግሥቴ አልቆ ካርታዎቹን ራሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ። ደገምኩት። ሃያ አንድ! ፕሮግራሙ ልክ ነበር። ቀጮ ጋ ደወልኩ።
"የእኔ ጥቅል ለምንድነው ሃያ አንድ የሆነው?"
ሳቁን ለቀቀው።
"እስከ ዛሬ አታውቂም? አባዬ እኮ ነው፣ ሲያድለን አንድ የሚጨምርልሽ። ከተሸነፍሽ እራት አልበላም ትያለሻ! እኔን ደግሞ 'ዝም በል፣ ታናሽህ ናት' ይለኛል።"
"ታዲያ ሻምፒዮንነቴስ?"
"የምን ሻምፒዮን!"

ጉድ በል! ስንት ዓመት የቤቱ ሻምፒዮን ነኝ ብዬ ተኩራርቻለሁ። ሳቅኩ... ከዚያ አለቀስኩ። ስንቴ ሆን ብሎ ተሸንፎልኛል?

አንድ ሕግ ጨመርኩ፦ ለአባዬ ጥቅል ሃያ አንድ ይፈቀዳል። ሃያ አንደኛውን ከራሴው ጥቅል መርጬ ጨመርኩለት። ሐኪሙን። ለማንም አልናገርም። አሁን ተራው የእሱ ነው።

ጥቅምት 12፣ እሑድ
መጀመሪያ እምቢ አለ። እማዬ ናት የገላገለችኝ፦ "ልጅህ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋልህ፣ አንዴ ብትነካላት ምን ትሆናለህ?"

ነካ። ካርታዎቹን በግራ ጣቱ አንድ በአንድ እየገፋ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል... እየቆጠረ ነው! ቆጥሮ የሚያድለን እሱ እንደነበር እንዴት ረሳሁ?
"ሃያ አንድ ነው" አለኝ።
"ሕጉ ይፈቅዳል፣ አባዬ።"
ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ነገረሽ?"
ቀጮ ከታብሌቱ ውስጥ "እኔ አይደለሁም!" ብሎ ጮኸ።

አባዬ ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሐኪሙን በጣቱ ገፍቶ ከጥቅሉ አስወጣው።
"ይሄ ሰውዬስ በቃኝ።"

በሃያው አሸነፈን። ሁለቴ። አልለቀቅኩለትም፣ እውነቴን ነው። እማዬ "እራት አልበላም እንዳትይ" አለችኝ።

ጥቅምት 17
ስመለስ መስኮቱ ሥር የለም። ደነገጥኩ። ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሏል፤ ቁራጭ ካርቶን ፊቱ፣ እርሳስ በግራ እጁ።
"ዛሬስ እንዴት ዋልክ?"
"አታቋርጪኝ።"

ሲጨርስ ሰጠኝ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንደኛው ዓይን ከሌላው ይበልጣል። ጉንጯን ነፍታ ሳህኗን የገፋች ትንሽ ልጅ ናት።
"ምን ትሠራለች?" አልኩት።
"የያዛት ሰው አንድ ካርታ ይጨመርለታል። በድብቅ አይደለም፣ በግልጽ። ሕግሽ ውስጥ አስገቢው።"

ፎቶ አንስቼ ጫንኳት። ፕሮግራሙ "ይህን ካርታ አላውቀውም" አለ።

ስህተት አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ላስተካክለው አልቸኮልኩም። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት።