የቹኪራጓ ለቀማ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ? እኔ እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። የቺምቦራሶ ተራራ ግን ከጉም አልወጣም፤ እኔም ከዚህ ቤት አልወጣሁም።

ባሌ ኦልሜዶ ሙዝ እርሻ ሊሠራ ቆላ ከወረደ ወዲህ እናቱ ዶኛ ትራንሲቶ ደጅ አታስረግጠኝም። ገበያ ልውረድ ብላት፣ «ልጄ በአደራ የሰጠኝን ዕቃ ገበያ አላወጣም» አለችኝ። ውሃ ስቀዳ እንኳ ልጇ ኤርሜሊንዳ ትከተለኛለች።

ባለፈው ወር አሮጊቷን ትኩሳት ያዛት። ኤርሜሊንዳ ለመድኃኒቷ ቹኪራጓ የሚሉትን የተራራ አበባ ልትለቅም ወጥታ፣ በጉም ውስጥ ያገኘችውን ቢጫ አበባ ይዛ ተመለሰች። ተፈልቶ ቀረበ። ጠረኑ አላማረኝም፤ የተረፈውን ከከረጢቱ ዘርግፌ አየሁት። ቅጠሉ ለስላሳ፣ ከሥሩ ጠጉራም ነው። እናታችን ገበያ መድኃኒት ስትሸጥ፣ በግ የሚገድል ነው እያለች ለይታ የምትጥለው ያ ነው። አሮጊቷ ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታለች። እታለም፣ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እጄ ቀደመኝና ኩባያውን መታሁት።

«ልትገድዪኝ ነው?» አለች። ነገሩን አስረዳኋት። እኔ ምርቃት ስጠብቅ፣ «እንግዲያ አበባውን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሻ። ከዚህ ቤት የምትወጪው እኔ ስሞት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ኤርሜሊንዳን አስተምራታለሁ። እውነተኛው ቹኪራጓ ቁጥቋጦ ነው፤ ጠንካራ ቅጠሉ እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ ጣት ይወጋል። አበባው ብርቱካንማ ነው፣ ሲነኩት እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። አንድ የሚመስለው ሲሰነጠቅ ብዙ ትንንሽ አበባ ነው። መጀመሪያ «ለእኔ ሁሉም አበባ ነው፤ ቅጠል የምትግጥ ላማ መሰልኩሽ እንዴ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ትናንት ዓይኗን ጨፍና በዳበሳ ለየችው። የተወጋ ጣቷን እየመጠጠች፣ «እንግዲህ እኔም አወቅሁ። ቅዳሜ የወተት መኪናው ሲያልፍ ጉም አይጠፋም። ከአጠገቤ ጠፋችብኝ እላለሁ» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ይህን ከቅዳሜ በፊት የሚያደርስልሽ የዚሁ የወተት መኪና ሾፌር ነው፤ ትኩስ ሾርባ ሳትሰጪ አትሸኚው። ለኦልሜዶ ገና ምንም አልነገርኩትም፤ አንቺም ለማንም አትንገሪ። አልጋሽ ላይ ለሁለት የሚሆን ቦታ አብጂልኝ፤ አንደኛችን ገና በሆዴ ነውና ለጊዜው ብዙ አይፈልግም።

የእናታችን አምላክ ደጅሽን አይዝጋው፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት ታናሽሽ