ያለ ረመዳን ለተመታው ከበሮ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ላዝሃር ቤን ዑስማን
የሐውመት ዛሂር ሰፈር ሹም (ዑምዳ)
ሰፋቅስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ ጥልቅ፣ በርዎ ጽኑ፣ የመስኮትዎ መስታወት ሙሉ ይሁን። እኔም የጎድን አጥንቴ በፈቀደልኝ መጠን ደህና ነኝ። ይህን ጽሑፍ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ዑምዳው ከምሳ በኋላ ጋደም ብለዋል» ስለተባልኩ ነው። የተኛን ሰው መቀስቀስ ነውር እንደሆነ ስለማውቅ ተመለስኩ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ጂኦግራፊ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን የትምህርት ቤቱ ደወል እየጎተተ ያስነሳኝ ነበር። ጡረታ ወጥቼ ደወሉ ሲቀር የሰውነቴ ቀን ከፀሐይዋ ቀን በሁለት ሰዓት ያህል እንደሚረዝም ታወቀ። ሲደክመኝ እተኛለሁ፤ ሲበቃኝ እነሳለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ ጋር ማታ ብተኛ፣ ከሳምንት በኋላ የምተኛው እናንተ ለምሳ ስትቀመጡ ነው፤ ከዚያም ዞሬ ዞሬ መልሼ እገጥማችኋለሁ። በገጠምኳችሁ ሰሞን መምህሩን ሲዲ ማለት የለመደው የገበያው ሰው «አልሐምዱሊላህ፣ ሲዲ፣ ተሻለህ» ይለኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «አገረሸበት» ይባላል። ሐኪሙ መርምሮኝ «እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ማንንም እስካልጎዳህ በቀንህ ኑር» አለኝ። ማንን እንደምጎዳ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩና ወደ ምስጋናዬ በተራ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ አስጠርተው፣ በጸሐፊዎና በሁለት ባለጉዳዮች ፊት፣ «ሰው ሁሉ በሚነሳበት ሰዓት ተነሳ፤ ሌላ ምን አልንህ? ሌሊት መብራት የሚያበራ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ጠንቋይ፤ አንተ ደግሞ ለሌብነት አርጅተሃል» ያሉኝን አልረሳሁም። ረመዳን ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ሌሊቱን ቀን አድርጎ እንደሚኖር፣ የክቡርነትዎም ቢሮ የሚከፈተው ለእኩለ ቀን ሲቃረብ እንደሆነ፣ ያኔ ግን ጠንቋይ የተባለ ሰው እንዳልነበረ በትሕትና አስታወስኩዎት። «እሱ የአላህ ትእዛዝ ነው፤ ያንተ የማን ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ እንደ ድሮው ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ለጥያቄው ሙሉ ነጥብ እሰጥዎ ነበር። መልሴን ሳይጠብቁ እንደተስማማሁ መቁጠርዎ ግን ከነጥቡ ላይ ያስቀንስብዎታል።

ሁለተኛ፤ ስለ ከበሮው አመሰግናለሁ። በረመዳን ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ የሚቀሰቅሰንን ፈርሃትን፣ ረመዳን ብዙ ወራት እየቀሩት፣ ገና ወይራው እየተለቀመ ሳለ፣ በየንጋቱና እኔ በተኛሁበት በማንኛውም ሰዓት በደጃፌ ከበሮ እንዲመታ አዘዙልኝ። ፈርሃት በመጀመሪያው ቀን በበሩ ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ «ሲዲ፣ እጄ ነው እንጂ ልቤ አይመታም» አለኝ፤ የሥነ ሕይወት መምህር ስላልሆንኩ ስህተቱን አላረምኩትም። በአራተኛው ቀን «ይበቃኛል፤ ሽማግሌ ነው» ብሎ ከበሮውን ከአንገቱ ሲያወርድ የእህትዎ ልጅ ቃይስ ከንፈሩን በጥፊ ሰንጥቆ መልሶ አንገቱ ላይ ሰቀለለት። «አጎቴ ምታ ካለ ትመታለህ፤ ባትመታ ለረመዳን ሌላ ሰው ይቀጠራል» ሲለው ከመስኮቱ ሆኜ ሰማሁ። ፈርሃት ደሙን በእጅጌው ጠርጎ መታ። በዚያ ሳምንት ያየሁት ሕልም ሁሉ ከወገቡ የተቆረጠ ነበር፤ ዓይኔ ደም ለብሶ፣ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ለጤናዬ ስላሰቡ አላህ ይስጥልኝ።

ሦስተኛ፤ ከበሮው አልበቃ ሲል ድንጋይ ስለጨመሩ አመሰግናለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ለሰውነቴ እኩለ ሌሊት በሆነበት ሰዓት፣ የመስኮቴ መስታወት አልጋዬ ላይ ረገፈ። ብድግ ሳልል በሬ በዲጂኖ ተገንጥሎ ቃይስና ሁለት ጓደኞቹ ገቡ። ቃይስ ተማሪዬ ነበር፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ እግሬን ይዞ ከአልጋ ሲጎትተኝም አክብሮቱን አልዘነጋም። «ሲዲ፣ ተነስ፤ እባክህ አታስቸግረን» ይለኛል፤ ጭንቅላቴ ወለሉን ይመታል። «ሲዲ፣ ይቅርታ» ይለኛል፤ ጎኔን ይረግጠኛል። በመስታወቱ ስብርባሪ ላይ እየተንከባለልኩ የደረስኩበትን የካርታ መስቀያ እንጨት አንስቼ የአንዱን ጓደኛውን አፍንጫ ሰበርኩ። ስለ አፍንጫው ይቅርታ እንድጠይቅ በጽሑፍ አዘውኛል። እንጨቱ የትምህርት መሣሪያ እንጂ ለአፍንጫ የተሠራ አልነበረምና፣ እንጨቱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም።

ከግድግዳዬ ወዲያ ብቻዋን የምትኖረውን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አክስቴ የሚላትን ኻልቲ በያን ያውቋታል። እርስዎንም አዝላዎታለች ይባላል። ወሩንና ዓመቱን መለየት ካቆመች ቆይታለች፤ የስኳር መርፌዋን ግን እጇ ለምዶታልና አትረሳም። ችግር ሲገጥማት ግድግዳዬን በናስ ዘነዘና ትመታለች። እኔም በማይታወቅ ሰዓት የምነቃ ሰው በመሆኔ ብዙ ጊዜ እሰማታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ኻልቲ በያ የንጋት ከበሮ ሰምታ ምን እንድታስብ ፈልገው ነበር? በዚህ አገር የንጋት ከበሮ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ረመዳን ገባ ብላ ጾመች። መርፌዋን እየወጋች ጾመች። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት ዳቦ ይዛላት ስትመጣ «ጾመኛ ነኝ፣ ልጄ» ብትላት፣ ሴትዮዋ በፈቃድ የሚጾመው የሰኞና የሐሙስ ጾም መስሏት «ይቀበልሽ» ብላ ዳቦውን ይዛ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ወይ እየተደበደብኩ፣ ወይ ሞቼ እንደተኛሁ ነበርና አላወቅሁም።

ከእነዚያ የጾም ቀኖቿ በአንዱ፣ ከበሮው በሬ ላይ ሲመታ ኻልቲ በያ ግድግዳውን እየመታች ነበር። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሲደርስ ዓሣ የምከፍትበትን ቢላ ይዤ ወጣሁ። ፈርሃት እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ «ሲዲ፣ በአላህ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። ከበሮውን አንገቱ ላይ እንዳለ ሰነጠቅሁት። በክስ ወረቀቱ ላይ «የሕዝብ ንብረት አውድሟል፤ በስለት አስፈራርቷል» ተብሎ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ለትክክለኛነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስወጣ ያሰብኩት ስለ ከበሮ አልነበረም። ቢላው ከቆዳው ላይ ያረፈው ክቡርነትዎ በቦታው ስላልነበሩ ነው።

ከበሮው ዝም ሲል ዘነዘናው ተሰማ፤ ደካማ ነበር፤ አንዴ መትቶ ብዙ ይቆያል። ፈርሃት መምታቱን ሊጠብቅ የቆመው ቃይስም ሰማው። «ኻልቲ ናት» ብሎ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ፤ በሯን በዚያው ዲጂኖ ገነጠለው፤ ዲጂኖው በሰፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የረባ ሥራ ሠራ። ወለሉ ላይ ወድቃ፣ በላብ ተነክራ፣ ጥርሷን ነክሳ አገኘናት። ማር አምጥቼ ልሰጣት ስል ፊቷን አዞረች፤ «መግሪብ አልደረሰም፤ ፀሐይ አልጠለቀችም» አለችኝ ከጥርሷ መሃል። ቃይስ እጆቿን ይዞልኝ፣ እኔ የአሮጊቷን መንጋጋ በጣቶቼ ፈልቅቄ ማሩን ከተትኩባት። ነከሰችኝ። የዋጠችው ግማሹ ማር፣ ግማሹ ደሜ ነው። ይህን ሁሉ ያደረግነው ሰው ሁሉ በሚነሳበት ሰዓት እንድነሳ ነው።

ሐኪም ቤት ቆይታ ከሦስት ቀን በፊት ተመለሰች። ሐኪሞቹ «ዳግመኛ ከጾመች አትተርፍም» አሉ። ልጇ ከሱስ ከተማ ድረስ መጥቶ ከበሮውን እንዲያስቆሙ ለመነዎት፤ «ሕግ ለአንድ አሮጊት አይታጠፍም» አሉት። ከበሮው አዲስ የፍየል ቆዳ ለብሶ በማግስቱ ንጋት ተመታ። ኻልቲ በያም መርፌዋን ወግታ አፏን ዘጋች። ረመዳን እንዳልሆነ ብምል ብገዘት፣ «ከበሮው እየተመታ? አንተማ ድሮም ሰዓት አታውቅም፣ ሻድሊ» አለችኝ። በሰፈሩ ፊት ስሜን ስላጠፉልኝ፣ እኔን ሰዓት አያውቅም ብላ የምታምነው የእርስዎን ከበሮ ነው፤ እሱም ወደ ሞቷ እየነዳት ነው። በዚያ ቀን እኔና ቃይስ ቁርሷን ያበላናት እንደገና በጉልበት ነው፤ አንድ ጥርሷ ወልቋል።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከበሮው ይቁም። በሬን እንደተገነጠለ ይተዉልኝ፤ ፍርድ ቤቱም በቀጠረኝ ቀን፣ ተኝቼም ቢሆን፣ በቃሬዛ እቀርባለሁ። ከበሮው ብቻ ይቁም።

ለሰፈራችን ሰላም ሌት ተቀን ለሚደክሙት፣ ሌቱን ግን ለእኔ ለተዉልኝ ለክቡርነትዎ ያለኝን የማይነቃነቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

ታዛዥዎ፣ የቀድሞ መምህርዎም፣
ሻድሊ ቤን ኸሚስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ፈርሃት ያደረገውን ላሳውቅዎ ይገባል፤ ጋዜጣው እስኪወጣ ጊዜ ስለሌለ ቅጂውን ልጅ እያስሮጥኩ ልኬልዎታለሁ። ዛሬ ጠዋት እንዳዘዙት ወደ እኔ በር መጣ፤ ነገር ግን አልፎኝ ሄዶ በኻልቲ በያ በር ላይ ረመዳን ሲያልቅ በዓመት አንዴ የሚመታውን የኢድ ምት መታ፤ የተሰነጠቀ ከንፈሩን እየላሰም «ኻልቲ፣ ኢድሽ የተባረከ ይሁን፤ የከበሮ መቺውን የኢድ ስጦታዬን» አላት። እኔን ያላመነች ሴት ከበሮውን አመነች። ለኢድ የምንበላውን በጨው የተዘጋጀ ዓሣ ከሽንኩርትና ከዘቢብ መረቁ ጋር አቀረብኩላት፤ ሳትገደድ በላች። ጨረቃ ሳትታይ ኢድ ማወጅ ወንጀል ከሆነ ከክሴ ላይ ይጨመር። አሁን አዲስ ልብሷን ለብሳ፣ ቃይስን ተደግፋ፣ እንደ ልማዱ ሹሙን እንኳን አደረሰህ ልትል ወደ እርስዎ ቤት እየመጣች ነው። በሩን ራስዎ ይክፈቱላት፤ «ለከርሞ ያድርሰን፣ ኻልቲ» ይበሏት እንጂ ሌላ ቃል አይውጣዎት። ሌላ ቃል ብለው ዳግመኛ አፏን ብትዘጋ፣ ሰፈሩ በሙሉ መቼ እንደሚተኛና መቼ እንደሚነቃ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እኔ መቼ ነቅቼ በርዎ ላይ እንደምቆም ግን የሚያውቅ የለም።