ሆዴና የሱሚንትራ ደብልስ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ከአሪማ ፖርት ኦፍ ስፔን፣ ከፖርት ኦፍ ስፔን አሪማ... ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ሙዚቃው ጣሪያ ነክቶ። ጠዋት ኩሬፔ ላይ ደብልስ ሻጯ ሱሚንትራ ጋ ቆምኩ። ደብልስ፣ ዳጣው በትንሹ። ለስላሳዎቹን ቂጣዎች ዘርግታ፣ የሽምብራ ወጡን ጨልፋ፣ በወረቀት ጥቅልል ስታደርገው እጇን ሳይ ወጡ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።

"ሹፌሩ፣ ሸሚዝህንም ታጎርሳለህ እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም። ከዛ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፌብሩዋሪው ካርኒቫል ልትወጣ ነው። የምትጨፍርበትን ቡድን ስምም ሰማሁ...

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ተመዘገብኩ። እሷ ቡድን ውስጥ። የወንዶቹን ልብስ ያየሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ልብስ ማለትም ይከብዳል። ላይ ላባ፣ ታች ቀበቶ፣ መሃሉ ባዶ። መሃሉ እኔ ነኝ።

"የወገብ ልክህ?" አለች ልጅቷ። የዛሬውን ትቼ ለካርኒቫል ሊኖረኝ የሚገባውን ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጻፈችው። እዚህ አገር ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያስለካው። ከዛ እስከ ፌብሩዋሪ መሯሯጥ ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

እህቴ ሃያሲንት ስፖርት ታሠራኛለች። ጡረታ የወጣች ፖሊስ ናት፣ ፊሽካዋ ግን ጡረታ አልወጣም።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"አርባ ስድስት።"

"ሆድህስ?"

"እሱ ገና ወጣት ነው።"

አልሳቀችም። "ስማ አንሰልም፣ ከዛሬ ጀምሮ ደብልስ የለም።"

ሌላውን ሁሉ ልተው ብዬ ለመንኳት። "በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ነው፣ አለቀ" አለች። እንዴ... ሱሚንትራን የማይበት ሰበብ እኮ እሱ ነው! የምፈልገው እሷ እንድታየኝ፣ የተከለከልኩት እሷ ጋ መቆም። ሄጄ "ላንቺ ብዬ ሆዴን እያጠፋሁ ነው" ልበላት? ሞቼ ነው። ሽታው ጋ ቆሜ ደግሞ አልበላም ማለት አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

እንቁላል። ቅቅል ዓሣ። እንቁላል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

የሴንት ቤኔዲክትን ገዳም ዳገት እየሮጥኩ ወጣሁ። እየሮጥኩ... እየተጎተትኩ። ሃያሲንት ከኋላ በፊሽካ። አንድ መነኩሴ ብቅ ብለው ውሃ ሰጡኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ስትል ነው የደረሱላት። ደስ ሲል ግን! ቁልቁል ስወርድ ሆዴ ከኔ ኋላ ነበር እንጂ ከፊቴ አልነበረም።

ኩሬፔ ላይ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። እጇን አነሳች መሰለኝ። አንስታ ይሆን?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 26

ገና አለፈ። ሃያሲንት በሮም አረቄ የራሰውን ኬክ ፊቴ ቁጭ ብላ በላችው። "ለአንተ ብዬ ነው" ትላለች፣ አፏ ሞልቶ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 10

ታየ! መስታወት ፊት፣ ሆዴ ላይ መስመር። ጥላ ነው ብዬ መብራቱን አዞርኩት። እዛው ነው። ሃያሲንት መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

"የሸሚዝ እጥፋት ነው።"

"ሸሚዝ አልለበስኩም።"

ፊሽካዋን ነፋችው። ዛሬ ተሳፋሪ ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ፣ ለሁሉም ፈገግ ስል ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

ጉዴ ፈላ። አንዲት የማውቃቸው ተሳፋሪ ከኋላዬ ተጠግተው፣ "ልጄ፣ እውነት ከመንገዱ ማዶ ካለው ደብልስ ሻጭ ነው አሉ የምትበላው?"

"ማን አለ?"

"እሷው ሱሚንትራ። ስሙን ቡድናችን ውስጥ አይቻለሁ፣ ካርኒቫል ላይ አጠገቤ እንዳይደርስ ብላለች።"

እዚህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቢቀይር ይቅር ይሉታል። የደብልስ ደንበኝነት የቀየረን ግን... ለእሷ ብዬ ተርቤ፣ ለእሷ ከዳተኛ ሆንኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 13

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው ኩሬፔ ላይ አቆምኩት።

"ምን ፈለግክ?" ቀና ብላም አላየችኝ።

"ሌላ ሰው ጋ አልበላሁም።"

"ይሄን ሁሉ ወር ጾምኩ በለኛ። አንተ?"

ተሳፋሪው በመስኮት ሳቀ። ሸሚዜን ገለጥኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ።

ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ወጡ ይንጠባጠባል። ከዛ ጎንበስ ብላ፣ "አራት ጡንቻ ነው የሚታየኝ። ስድስት አይደለም እንዴ የሚባለው?"

"ሁለቱ እምቢ አሉ።"

"ለማን ብለህ ነው እንዲህ የተቀጣኸው?"

አንዱ ሙዚቃውን ዘጋው። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ላንቺ።"

ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ዳጣው ነው ብትልም። "ሆድህን ማን ጠየቀህ? እኔ የጠፋብኝ ፊትህ ነው።"

ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዛው ቆሜ በላሁ። ሃያሲንት ትግደለኝ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ካርኒቫል ደረሰ፣ ቀበቶው ተቆለፈ! ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ጨፈርኩ። ሆዴን ያየው ሰው መኖሩን እንጃ። እሷ ግን ፊቴን ነበር የምታየው፣ ደጋግማ።

ሰኞ፣ ማርች 9

ከአራቱ አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላውም መንገድ ላይ ነው። ሃያሲንት ፊሽካዋን ይዛ እየፈለገችኝ ነው አሉ። ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ዳገት የለም። ሱሚንትራ ቤቷ ጠርታኛለች፣ የነገውን ሽምብራ አብረን ልንዘፈዝፍ ነው።