የላክኸው ማቆሚያ በበዓሉ ቀን እንዴት እንደ ዋለ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቀለመወርቅ ወልደ ሩፋኤል፤ አዲስ አበባ።

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? ሥራህስ፣ በክረምት የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ጌጤ ከአራስነቱ በደህና ወጣች? ሕፃኑስ ጠባ፣ ተኛ፣ ሳቀ? እኛ የእመቤታችን ምስጋናዋ ይብዛና ሁላችንም ደህና ነን። ስንዴው ተወቅቶ ገብቷል፤ ገብሱ ገና አውድማ ላይ ነው። ባቄላውን ውርጭ ቀመሰው እንጂ አልጨረሰውም። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳላልፈው ግን አንድ ነገር አለና እሱን ልንገርህ።

አባታችን ዋልድባ ገዳም እገባለሁ ብለው ተነሥተዋል። ነገሩን ያመጣው አንተ የላክኸው የማይክሮፎን ማቆሚያ ነው። አትደንግጥ፤ ጥፋቱ የብረቱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ከመጀመሪያው ልተርክልህ።

ከአምናው ክረምት ሕመም ወዲህ ድምፃቸው እንደ ሰለለ ታውቃለህ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ደግሞ አባታችን የሚኖሩት ለስብከቱ ነው። ቃሌ ካልተሰማ ከቤት ምን አስቀመጠኝ፣ ገዳም ገብቼ በዝምታ ብኖር ይሻለኛል ማለት ያበዙ ነበር። የአዲስ አበባው ማኅበራችሁ ድምፅ ማጉያውን ከነባትሪው ሲልክልን ነፍሳቸው ተመለሰች። ነገር ግን በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንዱ መቋሚያ ይዘው ማይክሮፎኑን በምን ይያዙት? ዲያቆን ፈንታ ሊይዝላቸው ሞክሮ ነበር። እጁ ሲዝል አንዴ አፍንጫቸውን፣ አንዴ ጢማቸውን ይመታቸዋል። ማቆሚያ ላክልን ያልንህ ለዚህ ነው፤ አንተም ሳትውል ሳታድር ላክህ፤ እግዜር ይስጥልን።

ዕቃው መካነ ኢየሱስ ከአውቶቡስ ወርዶ ባለቤቴ ታፈረ በአህያ ጭኖ አመጣው። ሲገለጥ ማማሩስ አምሯል፤ ቅቡ ፊት ያሳያል። እኔ ግን በአንድ ጣቴ አነሣሁትና ያን ጊዜውኑ ልቤ አልወደደውም። እኛ ሴቶች እንስራ ስንገዛ ማማሩን አናይም፤ በጣታችን ቆርቁረን ድምፁን እንሰማለን፣ ቂጡን ገልብጠን እናያለን። ቱቦውን ብቆረቁረው ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚለው። የላይኛው ቱቦ ከታችኛው ገብቶ የሚጠብቅበት ብሎን ደግሞ ጥርሱ በጥፍር የተጫረ ይመስላል። ለታፈረ ብነግረው፣ የአዲስ አበባ ዕቃ በእንስራ ዐይን አይታይም ብሎ ሳቀብኝ። አባታችን ማቆሚያው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሳይ ጊዜ እኔም አፌን ያዝሁ።

የዘንድሮው አስተርእዮ ማርያም እሑድ ዋለ፤ ማግስቱ የነነዌ ጾም መግቢያ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አባታችን ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ወንድሜ፣ ያን ድምፅ በሰማኸው! ከቅጥሩ ውጭ አህያ የሚጠብቁት እንኳ ሰሙት። እኔማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስሁ።

ጥቂት እንደ ተናገሩ ማይክሮፎኑ ከአፋቸው ወደ ጢማቸው ወረደ። አባታችን የዕቃው አሠራር እንደዚያ መስሏቸው ጎንበስ አሉለት። አሁንም ወረደ፤ አሁንም ጎንበስ አሉ። ቃሉን ማቋረጥ አልሆነላቸውም፤ ፈንታም ካህናቱን አልፎ መግባት ፈራ። ፊት የቆሙት ባልቴቶች መሪጌታው አባታችን ሲያጎነብሱ አይተው ስገዱ የተባለ መሰላቸውና ምድር ላይ ወደቁ። የኋላው የፊቱን እያየ ወደቀ። ታፈረ ብቻውን ቆሞ መቅረቱን አይቶ በድንጋጤ ተንበረከከ። አባታችን ወስብሐት ለእግዚአብሔር ብለው የጨረሱት በጉልበታቸው ሆነው፣ ጢማቸው ምድር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ከዚያ በኋላ የሊቃውንቱን ክርክር ምን ልበልህ! በእሑድ፣ ያውም በእመቤታችን በዓል እንዲህ ያለ ስግደት ከየት መጣ ተባለ። አለቃ ሀብቴ፣ መሪጌታ ነነዌን በአንድ ቀን አስቀደሟት አሉ። ባልቴቶቹ ግን እንዲህ ያለ ስብከት ሰምተን አናውቅም እያሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ ሄዱ። እኔ ሳቄን አፍኜ ቤት እስክንገባ ቸኮልሁ፤ አባታችንም አብረውኝ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። ከፍ ብዬ ልሰማ ብል ብረቱ ዝቅ በል አለኝ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት እጠብቃለሁ አሉ። በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ለሌላ መምህር አደራ ሰጡ፤ አጎዛቸውንና ዳዊታቸውን ለይተው ጠቀለሉ። ሁዳዴ ሲገባ እሄዳለሁ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። በእሳቸው ዕድሜ ዋልድባ የሄደ ሰው ተመልሶ እንደማይታይ አንተም ታውቃለህ።

የብሎን ነገር ነው እንጂ ምልክት አይደለም ብላቸው አልሰማ አሉኝ። እንግዲያው ላሳያቸው ብዬ ማቆሚያውን ከመደባቸው ፊት ለፊት ተከልሁት። ቅል በባቄላ ሞልቼ፣ ብሎኑን ክንዴ እስኪዝል አጥብቄ፣ ቅሉን አንጠለጠልሁበት። እሳቸው ዳዊት መድገም ያዙ። አንድ ንጉሥ፣ አሥሩን መዝሙር፣ ሳይጨርሱ ቅሉ መሬት ደረሰ። ሰባኪም ሕዝብም በሌለበት ወረደ ማለት ነው። ታፈረ ደግሞ በተራው በርጥብ ጠፍር አሰረው። ጠፍሩ ሲደርቅ ቱቦውን ጨምድዶ ያዘውና መንሸራተቱ ቀረ፤ ያን ጊዜ አንዱ እግር ከመገጣጠሚያው ተሰነጠቀ። ከላይ ሲጠግኑት ከታች የሚፈርስ ዕቃ ነው።

መቼም ሌላ መግዛትህ አይቀርምና ስማኝ። ርካሽ መሆኑ ነውር የለውም፤ ርካሽ ሆኖ የሚቆም ሞልቷል። እኔ የማልወደው ድክመቱን በቅብ የሚሸፍነውን ነው። እግሩ ከባድ ይሁን፤ ስትገፋው ተወዝውዞ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተወው። እግሮቹን ደጋግመህ ዘርጋና እጠፍ፤ መገጣጠሚያው ከወዲሁ ከላላ እኛ ዘንድ ሲደርስ ይወልቃል። ብሎኑን አጥብቅና ባለሱቁ ፊት በሙሉ ክንድህ ወደ ታች ተጫነው። ባለሱቁ ኧረ ቀስ ብሎ ከጮኸ ዕቃውን ያውቀዋልና ወደ ሌላ ሱቅ ሂድ። እስከዚያው ፈንታ እጁን ያበርታ።

ወደ አባታችን ልመለስ። ቅሉ መሬት ላይ እንዳለ ዐይተውት ዐይተውት፣ «ብሎኑስ ብሎን ነው ልጄ፤ ዐይኔ ሥር የወረደውን ታሳዪኛለሽ? ግን በበለዓም አህያ የተናገረ አምላክ በብሎን ቢናገር ምን ይሳነዋል?» አሉኝ። እኔ ከመሪጌታ ጋር መጽሐፍ ልከራከር ነው? ቅሉን ወዲያ አድርጌ እግራቸው ሥር ቁጭ አልሁና፣ አባቴ አይሂዱብኝ አልኋቸው። ሕዝቡ ባይሰማዎ እኔ እሰማዎታለሁ፤ ጧት ዳዊት ሲደግሙ ካልሰማሁ እሳት ማንደድም አልችል አልኋቸው። አለቀስሁም፤ አልደብቅህም።

ኋላም፣ ብረት ስትመረምሪ ከምትሰነብች ይችን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል፣ ወንድምሽስ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንዲሰሙ ብሎ አይደል ማቆሚያውን የላከው አልኋቸው። «ጋቢ ልኳል፣ መነጽር ልኳል፣ ማቆሚያ ልኳል፤ እግዜር ይስጠው። ካርቶኑን እስከ ሥሩ በረበርሁት፤ አንዲት ወረቀት አጣሁበት» አሉ። ወንድሜ፣ እኔ ካርቶኑን ሲያገላብጡ የጎደለ ብሎን የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ጉዟቸውን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አቆይተውታል። አጎዛው እንደ ተጠቀለለ በር ሥር አለ፤ እኔም አልፈታሁት፣ እሳቸውም አልፈቱት። ለማቆሚያው አትቸኩል። መጀመሪያ ለእሳቸው በገዛ እጅህ ጻፍላቸው፤ በእኔ በኩል ሳይሆን በስማቸው አድርገው። ያማረ ቃል አትፈልግ፤ እንዲቀሩ የምትፈልግ ከሆነ ይቅሩ በላቸው።

ታፈረ እንደምን ከርመሃል ይልሃል፤ ስለ እንስራው ዐይን አሁን አይናገርም። ልጄ ማሬ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። አክስታችን ወለተ ሚካኤል ሕፃኑን ማርያም ታሳድገው ትልሃለች። ዲያቆን ፈንታም እጅ ነሥቷል። ለጌጤ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ።

አባታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሰላምታዎን ልጻፍለት ወይ ብላቸው፣ እሱ ሲጽፍልኝ እኔ ራሴ እመልስለታለሁ ብለው ብርዓቸውን መቅረጽ ጀመሩ።

እህትህ ይታይሽ ወልደ ሩፋኤል
እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ
የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.