ብቻህን የለካኸው ሞተር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ እንደ ንዴቴማ ቢሆን ሌላ ስም ነበረኝ። ብደውልልህ እንደለመድከው «እሺ የኔ ቆንጆ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብበው።

አባባን ልትጠይቅ ብለህ መጣህ። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ በር በሩን ሲያይ፣ አንተ ሐይቁ ዳር መፍቻ ይዘህ የጀልባችን ሞተር ላይ ተደፍተህ ዋልክ። «ይሄ ሞተር እኮ ውሃ ውስጥ ተቀብሯል! ነዳጅ ነው የሚበላብሽ» አልከኝ። እውነት አለህ፤ ከልክ በላይ የጠለቀ ሞተር ጀልባን ወደ ኋላ ይጎትታል። ግን ማን ንካው አለህ? አንድ መዳፍ ሙሉ ከፍ አድርገህ አሰርከው። የአባባንም ፕሮፔለር፣ ያንን ውሃ የሚገፋውን ክንፍ፣ ፈትተህ «ይሄማ የኤሊ እግር ነው» ብለህ ስቀህበት፣ ከሥራ ቦታህ ያመጣኸውን ክንፉ ይበልጥ የተጠማዘዘ አብረቅራቂ ገጠምክ። ከዚያ ብቻህን ተሳፍረህ ለቀቅከው። በረረ፤ መቼም አልዋሽም፣ በረረ። የሰፈሩ ሰው አጨበጨበልህ። በማግስቱ ሄድክ።

አንተ ስትነዳ የምትውለው ሁለት ሰው ይዞ የሚጋልብ የመዝናኛ ጀልባ ነው። በኛ ጀልባ ግን ሰው፣ የዱቄት ጆንያ፣ አንዳንዴም በር ከነመቃኑ ይሻገርበታል። ለእንዲህ ያለ ጀልባ ያንን ፕሮፔለር መግጠም የተጫነ መኪናን በአራተኛ ማርሽ ዳገት ውጣ እንደማለት ነው።

አባባን ለሐኪም ቀጠሮው ሳሻግረው እማዬ አብራን ነበረች፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ከነጨርቅ ጣቃዎቿ። አባባ እንዲጋደም ብለን ፊት ላይ አነጠፍንለት፣ ጣቃዎቹንም አስደገፍነው። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሆነ። መሃል ስንደርስ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ የጀልባዋን ኋላ ባነሳው ቁጥር ያ ከፍ ያደረግከው ፕሮፔለር ከውሃ እየወጣ አየር ይገርፋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ውሃ ውስጥ ሲመለስ ደግሞ ክንፉ ይከብደውና ያቃስታል። ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ማዕበሉ ጎናችንን መደብደብ ጀመረ።

ልብስ ሰፊዋ ስትፈራ ትቀልድ የለ? «ምነው ልጄ፣ ሞተሩ እኛን መውሰዱን ትቶ ሰው እየጠራልን ነው እንዴ?» አለች።

አባባ ግን ድምፁን ለየው። «አየር እየጠጣ ነው። ወደ ኋላ ኑ፣ ኋላዋ ይክበድ» አለ። ጣቃውን ጎተትን፣ እማዬም መጣች፤ አልበቃም። ከዚያ ራሱ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ መጣ። ከአልጋ ወርዶ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሰው የሚደግፈው አባባ፣ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ዳኸ! እግሬ ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለሳንቃው ሰጥቶ፣ «ቀስ... ነዳጅ አታብዢበት... አሁን ያዘ» እያለ አሻገረን። ዳር ስንደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሟ ወዲያው አስተኛችው።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ማወቅህ ነው። ልጆች ሳለን አባባ ፕሮፔለር ሲቀይር፣ ሞተር ዝቅ ከፍ ሲያደርግ፣ ቤቱን ሙሉ ያሳፍር አልነበር? እማዬን፣ እኔን ከነደብተሬ፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ አንተን ደግሞ ፊት ላይ። «ባዶ ጀልባ ለሁሉም እሺ ይላል» ይል ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ፣ ኋላ የሚረጨውን ውሃ አይቶ፣ እንደገና ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። አንተ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «ኑ ተሳፈሩ» አላልከንም። እኔ እኮ እዚያው ዳር ቆሜ ነበር! እማዬም በመስኮት ታይህ ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግረው አባባ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ተይው፣ ለኛ ብሎ ነው። ልጄ እጁ ጎበዝ ነው።» እየዳኸ የመጣው እሱ፣ ጠበቃህም እሱ!

አሁን ቤት ገብቷል። ሞተሩን ወደ ቦታው አውርጄዋለሁ፤ የኤሊውም እግር ተመልሷል፣ ሳይጣደፍ ያደርሰናል። ያንተን አብረቅራቂ ሐይቅ ልከተው ስል አባባ ነጥቆኝ አልጋው ሥር አስቀመጠው። «ሞተሩን ትንሽ ዝቅ ካደረግነው ጭነት ለሌለ ቀን ይሆናል። ሲመጣ አብረን እንሞክረዋለን» ይላል። የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር «እሱ ይሆን?» ይለኛል።

ስለዚህ ና። በስልክ ይቅርታ የሚባል ነገር እንዳታሰማኝ። ፊት ላይ ያለችው ቦታህ ባዶ ናት። ትናንት አባባን ከአልጋ ወደ ወንበር ያነሳሁት ብቻዬን ነው፤ ሁለተኛ ሰው አላስፈለገኝም፣ እንዲህ ቀሏል። ገና ክብደት ሳለው ናና፣ ሁላችንንም አሳፍረህ ሞተሩን ለካው።

አሁንም የተቆጣችው፣
እህትህ