ወንበር ላይ ያልተገኙት አርባ ሦስት ልጆች

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የርዕሳነ መምህራን የክትትልና ድጋፍ ሥልጠና አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ላይ ሆነው፣ ከስብሰባ በተረፈች ጥቂት ጊዜ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ጭሮ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ይበርዳልና ራስዎን ይጠብቁ፤ ቤተሰብዎም ሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለነው ደህና ነን። ደህንነታችን ግን እስከ መጪው ሰኞ፣ እስከ ኅዳር 15 ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

ስሜ ማቲዎስ ቢራቱ ይባላል። ጎሚስታ ነኝ፤ የከባድ መኪና ጎማ እጠግናለሁ። የከተማችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ አባልም ነኝ። ልጄ ሐዊ ሁለተኛ ክፍል ቢ ስለምትማር ከአድልዎ ነጻ ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ይህንኑ ጉዳይ ሁለት ጊዜ በኦሮምኛ ጽፈን፣ የልጆቹን ስም ዝርዝር አያይዘን፣ ማኅተም አስደርገን ለቢሮዎ አስገብተናል። መልስ አላገኘንም። አንባቢ ጠፍቶ እንዳይሆን በመስጋት አሁን በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ነው፣ ሌላውን ሾፌሮች ጎማቸው እስኪነፋ ድረስ እንዲያነቡት በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ከድሬዳዋ የሚመጡት በተለይ ጥሩ አንባቢዎች ናቸው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ርዕሰ መምህራችን አቶ ዘገየ ከሥልጠናው በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ማስታወስ ይኖርብኛል፤ አለዚያ ውለታዎ ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም። አቶ ዘገየ ክፍል ገብተው፣ ከኋላ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የመቀመጥ መጥፎ ልማድ ነበራቸው። ሲወጡም መምህሩን ይዘው ጥላ ሥር ይነጋገሩ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት መምህርት ቀነኒ ከኮሌጅ ወጥታ በሁለተኛ ክፍል ቢ ሰማንያ ስድስት ልጅ ሲሰጣት፣ አቶ ዘገየ ሁለት ሳምንት እዚያው ክፍል ተቀመጡ። ሁለቱ መክረው ያገኙት መፍትሔ ይህ ነው፦ ግማሾቹ ልጆች ውስጥ ይቀራሉ፤ ግማሾቹ ከክፍሉ ጀርባ ባለው ግራር ሥር፣ ከካርቶን በተቆረጡ የቃላት ካርዶች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ እርስ በርስ ይነባበባሉ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ይቀያየራሉ። ቀነኒ በዚህ መንገድ በቀን አሥር ልጅ ከጎኗ አስቀምጣ ታስነብባለች፤ በዘጠኝ ቀን ሁሉንም ታዳርሳለች። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ተራ የሚደርሰው ከበዓል በዓል ነበር።

አሁን ወደ ነጥቦቼ ልግባ።

1. ሥልጠናውን በተመለከተ። ነሐሴ ላይ አቶ ዘገየን ለአሥራ ሁለት ቀናት ጭሮ ጠርታችሁ የመማር ማስተማሩን ሥራ እንዴት መከታተልና ማሻሻል እንደሚገባ አሠልጥናችሁልናል። ሰርተፊኬት፣ ቦርሳና ሠላሳ ስምንት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዘው ተመልሰዋል። በሳምንት አሥራ አምስት የክፍል ምልከታ አድርገው፣ ቅጾቹን ፎቶ አንሥተው፣ ሐሙስ ሐሙስ በቴሌግራም እንዲልኩ ታዘዋል። ቁጥሩ የጎደለበት ርዕሰ መምህር ስሙ በግሩፑ ውስጥ በቀይ ተጽፎ ይወጣል። የቧንቧው፣ የአጥሩና የወላጁ ጣጣ ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስለሆነ በሳምንት አሥራ አምስት ክፍለ ጊዜ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አቶ ዘገየ መቀመጡን ትተው በመስኮት ማየት ጀመሩ። አንድ ክፍል ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ስለ ፍጥነቱ እናመሰግናለን። በእኔ ሙያ ጎማ የሚያፈስበት ቦታ የሚታወቀው ከመነዳሪ የሚባለው የውስጥ ላስቲክ ወጥቶ፣ ተነፍቶ፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ከሩቅ ማየት እንደሚበቃ ቀደም ብሎ የሚያሠለጥነን ብናገኝ ኖሮ፣ በዚህ ውሃ በሌለበት አገር ስንት በርሜል በቆጠብን።

2. ቆጠራውን በተመለከተ። መስከረም መጨረሻ አቶ ዘገየ በመምህርት ቀነኒ መስኮት በኩል ሁለት ጊዜ አልፈዋል። ሁለቱንም ጊዜ ከዘንድሮዎቹ ሰማንያ ስድስት ልጆች ወንበር ላይ ያገኙት አርባ ሦስቱን ነው። የቀሩት አርባ ሦስት ግራሩ ሥር እያነበቡ ነበር፤ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማል። ቅጹ የሚጠይቀው «በምልከታው ሰዓት በክፍል ውስጥ የተገኙ» ብሎ ስለሆነ አርባ ሦስት ተጻፈ፤ የቀሩት ያልተገኙ ተባሉ። ቁጥሩ በሁለቱም ምልከታ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከቢሮዎ የመጣው ደብዳቤ መረጃውን «አስተማማኝ» ሲል አሞግሶታል። እውነት ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢቆጠርም አርባ ሦስት ነበር የሚሆነው።

ይህን እንደሰማን እኔና የኮሚቴያችን አባል ፋጤ አቶ ዘገየ ዘንድ ሄድን። ፋጤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ራሷ አልተማረችም። ልጇ አንደኛ ክፍልን ደግማ፣ ማንበብ የጀመረችው በቀነኒ እጅ ነው። ፋጤ አንቱታ አትወድም፤ ቢሮው ውስጥ ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

«ወላሂ ዘገየ፣ እኔ ግማሹ ሽንኩርት ከደጅ ነው ብዬ ጠፋ አልልም። ልጆቹን ያወጣሃቸው አንተው አይደለህም እንዴ?»

አቶ ዘገየ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ቅጾች ሰብስበው አስተካከሉ።

«አውቃለሁ፣ ፋጤ። ግራር ሥር ላለ ልጅ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ከጎኑ በእጄ ማብራሪያ ጽፌ ልኬ ነበር፤ ቅጹ ተበላሽቷል፣ በንጹሕ ሞልተህ ላክ ብለው መለሱብኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ቅጹ እንዳይቆሽሽ ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ ምስጋናችን የላቀ ነው።

3. ቅጹን በተመለከተ። አንድ ባዶ ቅጂ ለምኜ አንብቤዋለሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነገር መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። የትምህርት ዕቅዱ መፈረሙን፣ ጥቁር ሰሌዳው መጽዳቱን፣ መምህሩ ጋዋን መልበሱን ይጠይቃል። ከሠላሳ ስምንቱ አንዱም ልጆቹ ያነባሉ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛ ክፍል ኤ ሠላሳ ስድስት አግኝቷል፤ ይገባዋል፣ ግድግዳው ያምራል፤ መምህሩም ጨዋ ሰው ናቸው። ባለፈው ወር ለኮሚቴው ጉብኝት እዚያ ገብቼ አንዱን ልጅ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። መጽሐፉን ሳያቋርጥ አነበበው። ጎበዝ ብዬ፣ መጽሐፉን ከእጁ ወስጄ፣ ገልብጬ መለስኩለት። እንደተገለበጠ ያንኑ ገጽ ያንኑ ያህል አሳምሮ አነበበልኝ። ቢ አሥራ ዘጠኝ ነው ያገኘው።

4. ውሳኔውን በተመለከተ። በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ሁለተኛ ክፍል ቢ «ተማሪ ያነሰው» ሆኖ ከኤ ጋር እንዲጠቃለል፣ መምህርት ቀነኒም ትርፍ መምህር ተብላ ከቦኬ ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት እንድትዛወር ተወስኗል። ሰኞ ጠዋት እዚያ ካልተገኘች ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች ይቆጠራል። በወረቀቱ ላይ የሚጠቃለሉት ልጆች አንድ መቶ ሃያ አራት ናቸው። በእግራቸው የሚመጡት አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ናቸው። የክፍለ ጊዜውን አርባ ደቂቃ ለሁሉም ብናካፍለው ለአንድ ልጅ አሥራ አራት ሰከንድ ይደርሰዋል። በአሥራ አራት ሰከንድ እኔ የአንድ ጎማ አንድ ብሎን አልፈታም።

መምህርት ቀነኒን ስለ ውሳኔው ጠይቄያት ነበር። አልተማረረችም። ግራሩ ሥር ካሉት ውስጥ ሃያ ሁለቱ ገና ቃል መግጠም እየጀመሩ መሆኑንና አሁን ቢቋረጡ ጥር ላይ ሁሉንም እንደሚረሱት ብቻ ነገረችኝ። ስማቸውን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። ለማን እንደምሰጠው ስላላወቅሁ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

5. የምንጠይቀው ጥቂት ነው። እስከ ነገ ዓርብ ድረስ ከኮሚቴዎ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ይምጣና አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይቀመጥ፤ ግማሹን ውስጥ፣ ግማሹን ውጭ። ከዚያ በኋላ ቀነኒ ትርፍ ናት ካለ፣ ዕቃዋን ሚኒባስ ላይ የምጭነው እኔው ነኝ። ከጭሮ እኛ ዘንድ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ጎማ ቢፈነዳበት በነጻ እሠራለታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለትምህርት ጥራት የሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ወደ ትምህርት ቤታችን የሚደርስበትን ቀን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቅጾችዎም ንጽሕና እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማቲዎስ ቢራቱ
ጎሚስታ፣ የወላጆች ኮሚቴ አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ኅዳር 15። ከእርስዎ ዘንድ ማንም ስላልመጣ በሱቄ በር ላይ ባለው ቅጂ ሥር ይህን ጨምሬያለሁ፤ ለእርስዎም ልኬዋለሁ። መምህርት ቀነኒ ትናንት ሄዳለች። ዛሬ ጠዋት ልጆቹ በሙሉ ወደ አንድ ክፍል ሲገፉ በሩ ላይ ተጨናንቀው አንዲት ልጅ ክንዷ ተልጧል። አቶ ዘገየ ቅጻቸውን ይዘው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ለጥበቃው ለዓሊዩ አስይዘውት የቢን ልጆች ወደ ግራሩ ወሰዷቸው። እስከ ስድስት ሰዓት መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያስነብቧቸው ዋሉ። እንደ ቀነኒ አልቻሉበትም፤ ቁጣ ይቀድማቸዋል፣ ያስነበቧቸውም ስድስት ልጆችን ብቻ ነው። ነገም እንደሚቀጥሉ ነግረውኛል፤ የዚህ ሳምንት አሥራ አምስት ቅጽ ስለማይደርስዎ እንዳያስቡ። ጥር ላይ ሁለተኛ ዙር ሥልጠና እንዳዘጋጃችሁም ሰምተናል። ክቡር ሆይ፣ እግርዎ ላይ ወድቀን እንለምንዎታለን፤ አቶ ዘገየን አይጥሩብን።