ወደ ውስጥ የዞረው ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን አደርሽ እንዳልልሽ መጋረጃሽ እንደተዘጋ ነው፤ ገና አልተነሳሽም። እኔ ከደጅሽ ፊት ለፊት፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከማስታወሻ ደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት እየጻፍኩልሽ ነው። እጄ ጥቁር ስለሆነ ወረቀቱ ቢቆሽሽ ይቅር በዪኝ። ትናንት በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደክሞኛል እትዬ። ከሥራው ይልቅ ይሄ ነገር ነው ያደከመኝ።

መኪናዋን የገዛሽ ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እንደሳቀብሽ ታስታውሻለሽ። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆማ ጡረታ የወጣች ሴት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም የማትነሳ የስፖርት መኪና ምን ያደርግላታል ተባለ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽሽም። አንቺ ግን ከቁብም አልቆጠርሽን። ቁልፉን በጣትሽ እያሽከረከርሽ እኔ የምሠራበት ጎማ ቤት መጣሽና፣ «ማሙሽ፣ ቸርኬዎቹ ዝገው አልቀዋል፤ ቆንጆ ግን ርካሽ ፈልግልኝ» አልሽኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት ማሙሽ የምትዪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ያን ቀን ሳይሽ ደስ ብሎኝ ነበር። መጀመሪያ ከስልክሽ ላይ ያሳየሽኝ ወርቃማውን ቸርኬ፣ ሰፊውን፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩን ነበር። «ይሄ ለሙሽራ መኪና ነው» አልኩሽ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና ርቀት፣ የመሃሉ ቀዳዳ፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክ ካልገጠመ ርካሽ የተባለው ውድ እንደሚሆን፣ ከባድ ቸርኬ መኪናዋን እንደሚያደክማት፣ ትልቁ ቸርኬ ላይ የሚገባው ስስ ጎማ ጉድጓድ እንደማይችል አንድ በአንድ ነገርኩሽ። ጭንቅላትሽን እየነቀነቅሽ ሰማሽኝና ቀለል ያለውን፣ ግራጫውን፣ አሥራ ሰባት ቁጥሩን መረጥሽ። «የፋብሪካው ስም ባይታወቅም የሚችለው ጭነት ተጽፎበታል። እዚህ ላይ ቆጥበሽ የተረፈውን ጎማው ላይ አድርጊው» አልኩሽ። «እሺ፣ ጎማውን አንተው ምረጥ፤ እኔ ምን አውቄ» አልሽኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥሩው ጎማ በእጃችን አልነበረም። ማዘዝና ሳምንት መጠበቅ፣ አስመጪው ጋ መመላለስ ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ ስፈታ ውዬ ወገቤ አልቀና ብሎኝ ነበር። አለቃዬ፣ «ኋላ መጋዘን የተቀመጡት አራቱ ልኳ አይደሉም እንዴ? እህትህ አይደለች? በቅናሽ ስጣት» አለኝ። ሄጄ አየኋቸው። ጥርሳቸው አልተነካም፣ ያብረቀርቃሉ። ጎናቸው ላይ ያለውን ቀን ግን አነበብኩት፤ ከተሠሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እንዲህ ያረጀ ጎማ ይደርቃል። በደረቅ አስፋልት ብዙም አይታወቅበትም፤ መንገድ ሲረጥብ ግን አይዝም።

የሙያችንን ክፉ ዘዴ ልንገርሽ። ቀኑ ያለው በአንደኛው ጎን ብቻ ነው። ደንበኛ እንዳያየው የፈለገ ሰው ያንን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ ይገጥመዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ለማንም አድርጌው አላውቅም። ላንቺ አደረግኩት።

አንቺም የልማድሽን አልተውሽም። ጨው እንኳ ማብቂያ ቀኑን ሳታነቢ የማትገዢ ሴት፣ ጎንበስ ብለሽ አራቱንም ዞርሽና፣ «ይሄ ነገር ቀን የለውም እንዴ?» አልሽኝ። «የጎማ ዕድሜው ጥርሱ ነው እትዬ፤ ጥርሱን እዪው» አልኩሽ። አመንሽኝ። ግንባሬን ስመሽኝ ሄድሽ። ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢሆን እንኳ ምክንያት ይኖረው ነበር። ቶሎ ቤቴ ገብቼ ጋደም ማለት ነበር ያማረኝ። አፍሬብሻለሁ፣ በራሴም አፍሬያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ እየደወልሽ ታመሰግኚኛለሽ። ዝናብ ስላልነበረ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ። ባለፈው ሳምንት ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ጨነቀኝና ጥሩዎቹን አዘዝኩ። ትናንት ሲያካፋ ዋለ። አንቺ ደወልሽና፣ «ነገ ከጓደኛዬ ጋር በተራራው መንገድ ሐይቁ ድረስ ልንሄድ ነው» አልሽኝ። «ዝናቡስ?» ስልሽ፣ «ጎማውን የመረጠልኝ ወንድሜ፤ ምን ያስፈራኛል?» ብለሽ ሳቅሽ። ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ ካጠገቤ ያለ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናም ስትወጪ መኪናሽን ሆዷን መሬት ላይ ጥላ ታገኚያታለሽ። የሰፈር ልጆችን እንዳትረግሚ፤ አራቱንም ያስተነፈስኳቸው እኔ ነኝ። በፓምፕ እንዳትሞክሪው ብዬ መንፊያው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቫልቮች ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ። ጓደኛሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ መንገዱን ያስቀረሁባችሁ እኔ ነኝ በያት።

አዲሶቹ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይዣቸው እመጣለሁ። ፊትህን አልይ ካልሽ አትውጪ፣ በሩንም አትክፈቺልኝ። የኔ ሥራ እንደሆነ ውጭ ነው።

እስከዚያው በእግርሽም ቢሆን ሩቅ ሳትሄጂ ደህና ዋዪልኝ፣

ታናሽ ወንድምሽ